ማስረጃ

ገና ሳይነጋጋ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ፖላንድ፣ ቢዬብዣ፣ ከቄጠማው ደጃፍ፣
ቦጉሚዋ አለች፣ የድሮ ትራም ሾፌር፣
የሟች ባሏን ሌንስ ደግና ከወንዙ ዳር።

ሽመላው ቢራመድ፣ ዳክዬው ቢንጫጫ፣
የምትሻው አንዱን ነው፤ ዓሣ አጥማጁን ብቻ፤
ያን ሰማያዊ ፍም፣ ባሏ ዐሥር ዓመት
ሲያደባ ያጣውን።
                    ቀትር። ዘጠኝ ሰዓት።
ሻዩ ቀዘቀዘ።

ድንገት ከሸንበቆው ቱር አለና መጥቶ፣
ከሌንሱ አፍንጫ ላይ ጉብ አለ ዓሣ ውጦ።
ዓይን ቅንድቡን አያይ፣ ሌንስም አፍንጫውን፤
ትንፋሿን ዋጥ አርጋ ቆጠረች ላባውን።

በሩ ላይ ጠባቂው ዋልዴማር ጠየቃት፤
«ዛሬስ፣ እሜቴ፣ ቀናዎት?»
ሳቅ ብላ አሳየችው፣ ከሌንሱ ጠርዝ ላይ
የደረቀ ነጭ ኩስ።
መሐረብ አወጣ፣ ሊጠርግላት።
                    «ኧረ ተው!
ተው ልጄ፤ እሱኮ ዐሥር ዓመት ፈጅቷል።»