አሥራ ሰባተኛው ወንበር

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት፣ ከዚራ፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
ቁልቢ የሚወጣው ሰው ወንበር ሲሻማበት፣
በሁለት መስመር ኮድ ያቆምኩት ቤት
ይፈርስ ነበር ለካ፣ እኔ ሳላውቅበት።

የመጀመሪያው መስመር «ክፍት ነው ወይ?» ይላል፤
ሁለተኛው «ያዝ» ብሎ ስም ይጽፍበታል።
በመሐል ያለችው ከዓይን ጥቅሻ ታንሳለች፤
በጥቅሻ ውስጥ ግን ስንት ሰው ታስገባለች።

ብቻዬን ስሞክረው፣ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ጣት፣
አንድም ቀን እንከን አላየሁበት።
አንድ ሰው ሲሮጥ መንገድ ሁሉ ሰፊ ነው፤
ጥበቱ ሁለት ሲሆኑ ነው የሚታየው።

ጠዋት፣ አውቶቡስ ተራ።
ወይዘሮ የሻረግ፣ ጧፍና ጃንጥላ ይዛ፣ ስልኳን ዘረጋች፦ አሥራ ሰባት።
ኒዕማ፣ የባቢሌ ለውዝ በጆንያ፣ ለገበያው የምትወጣ፣
እሷም ዘረጋች፦ አሥራ ሰባት።
ሁለቱም ከፍለዋል። ሁለቱም አልዋሹም።
«አቦ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም አላላችሁም?» አለ ረዳቱ፣
ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ እጁን አጣምሮ በደረቱ።

የሻረግ ወደ ኒዕማ ዞረች፤
«እስከ ደንገጎ አንቺ፣ ከደንገጎ ወዲያ እኔ» አለች።
ጆንያው ላይ ቁጭ አለች፣ ጧፏን እንዳቀፈች።
አውቶቡሱ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ ቆሜ።
ኮዴ ደንገጎን አያውቅም።

ቤት ያከራየኝ ጋሽ ሮብሌ፣ ድሬ ነውና አንቱ አልለውም፣
ለገሃሬ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ፈረንሳይኛው ዛሬም ከአፉ አይጠፋም።
ነገርኩት። ሳቀብኝ።
«መስኮቴ አንድ ነበር፤ እስክሪብቶዬም አንድ፤
መዝገቤ ከጠረጴዛው ታስሯል በሰንሰለት፣ የትም እንዳይሄድ።
እጄ እሱ ላይ ካረፈ ሹም ቢመጣ ይጠብቃል፤
ያንዱን ስም ሳልጨርስ የሌላውን ማን ይጀምራል?
ባቡሩ ቢያፏጭ፣ ቀለሙ ቢያልቅ፣ ሰውየው ቢሸሽ መሐል ላይ፣
በቀይ እሰርዘዋለሁ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንዳልተሸጠ እንዲታይ።
ግማሽ ትኬት አይሸጥም፣ ልጄ።
አንቺ ጠይቀሽ ነው የምትይዢው?
ይዘሽ ጠይቂ እንጂ!»

ይዘሽ ጠይቂ።

ማታ ሁለቱን መስመር አንድ አደረግኳቸው፤
ወንበሩን ከነረድፉ ዳታቤዙ ውስጥ ቆለፍኩት፤
ቁልፉን ያገኘ ጽፎ እስኪወጣ ሌላው ደጅ ይጠናል፤
ደጅ መጥናትም ልክ አለው፤ ሦስት ሴኮንድ፣ ከዚያ ይሰናበታል።
መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢቆረጥ፣
ያልተጨረሰው እንዳልተጀመረ ይሁን፤ ቀይ መስመር ይሰመርበት።
ትዕግሥት ያጣ ጣት «ክፈል»ን አምስቴ ቢጫነው፣
ለክፍያው መለያ ሰጠሁት፤ አምስቱም አንድ ነው።
ስም ጻፉ ባልኩበት ሳጥን ትእዛዝ ጽፎ የሚልክ አለ፤
ስም ነው ብዬ እመዘግበዋለሁ፣ የፈለገውን ቢል።

ከዚያ ብቻዬን አልሞከርኩም።
ሁለት መቶ የሐሰት መንገደኛ ፈጠርኩ፤
ደቻቱ እንደሚመጣው፣ የድሬ ሰማይ ሳይጠቁር፣
ከላይ አገር በዘነበ፣
ባንድ ጊዜ ለቀቅኳቸው፣ ለአንድ ወንበር።
መቶ ዘጠና ዘጠኙ «ይቅርታ፣ ተይዟል» አነበቡ።
አንዱ ተቀመጠ።
ወጥቼ በረንዳው ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ።

ሐምሌ መጣ፤ ሁለተኛው ንግሥ።
ሎጉን ከፍቼ አነባለሁ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ወንበር አሥራ ሰባት፦ ተያዘ። የማላውቀው ስም።
ወንበር አሥራ ሰባት፦ ተከለከለ። የሻረግ።

ልክ ነው። አንድም ስህተት የለበትም።
መጣሁ ባይዋን በጊዜ፣ በጨዋ ቃል መልሷታል።
ኮምፒውተሩን ዘጋሁ፤ እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ።
እስኪነጋ ድረስ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣
ደንገጎ ስትደርስ የምትነሣ ሴት ታየችኝ።