ዳማ ባጥር ማዶ

ባጃጁ ከቆመ ዛሬ ሃያ ቀኑ፣
ዶሮዎች ከኋላው ተሳፋሪ ሆኑ።
ምንታምር ታናሼ መሪውን ጨብጣ
«አቶቴ! አንድ ሰው!» … ሰውስ ከየት ይምጣ?
ወንድሜ ከካምፓስ በሻንጣ ተመልሶ
ሳሎን ውስጥ ይተኛል፣ የኔን ጋቢ ለብሶ።
አባ ኮዳዎቹም ዓሣ ቢያጡ ከሐይቁ
በራችን ላይ ቆሙ፣ ርቀት እየጠበቁ።

አባዬ በማለዳ ካርቶኑን ዘርግቶ፣
ከእማዬ አረፋ ቆርኪውን አውጥቶ፣
በቆርቆሮው አጥር፦ «ከግራ ሦስተኛው!
ወደፊት አንድ እርምጃ! ተራው ያንተ ነው!»
ጋሽ ዱካሞ ከማዶ «በላሁት!» ይላሉ።
«የቱን? እኔ ዘንድ ሁሉም በቦታው አሉ!»

አንድ ሌሊት ከማዶ ሳል ሰማን፤ ደረቅ ሳል።
አባዬ እስኪነጋ ጣሪያ ላይ ያፈጣል።
በጧት ካጥሩ ሥር፣ ካርቶን ሳይዘረጋ፣
ዝም ብሎ ቆመ። እኛም እሱ ጋ።

«ተኛህ እንዴ አንተ? ተራው ያንተ ነው!»

በሩ የተከፈተ 'ለት ካርቶናቸውን ይዘው
ጋሽ ዱካሞ መጡ። ሁለቱን አቅርበው
ቢያዩት፣ አንድ ቆርኪ ካንዱ አልገጠመም፤
በዚያኛው እሳቸው፣ በዚህ አባዬ ረታ።
ማንም አላረመም።