ዝቅ ያለው ወለል

በሩን ገፋ ባደርግ መነጽሬ ታወረ፤
ካፖርቴ ላይ የቆየው በረዶ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።
ውጭ የካቲት ነው፤ የኤማዮጊ ወንዝ ደንዝዞ ተኝቷል፣
ታርቱ ከተማ ሙሉ እስከ አፍንጫው ድረስ በሻርፕ ተጀቡኗል፤
ከመስታወቱ ወዲህ
ሙዝ ቅጠሉን ዘርግቶ ላብ ያንጠባጥባል።

ቲኬት ቆራጯ ሴት ሹራብ እየሠራች
ዓይኗን ሳታነሣ ሳንቲም መለሰች።

ከየግንዱ ሥር አንዳንድ ቆርቆሮ፤
የላቲን ስም፣ የመጣበት አገር፣ ዓመቱ ተቆጥሮ፤
እንደ ተማሪ ቤት ሁሉም በየስሙ፣ በየወንበሩ።
አንዱ ጋ ብቻ ቆርቆሮው ቆሟል፤
ባዶ ነው አፈሩ።

"ይኼስ?"
ሄልቬ ናት የመለሰችልኝ፤ የውሃ ጎማ በእጇ፣ ጭቃ በቦቲዋ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ሠራሽ በጋ ወዝቶ የቀረ ፊቷ።
"ቧንቧው የፈነዳ ለት ብርድ ገደለው። ስሙን ግን ብነቅል
መጥቶ እንደነበረ ማን ይመሰክራል?"

ከዚያ ወደ ዘንባባው፤
ወረድን — አዎ፣ ወረድን — ሰባት የድንጋይ ደረጃ።
"ያኔ እኔ ጀማሪ ነኝ፤ እሱ ጣሪያው ላይ ደርሶ
በግንባሩ ይገፋል፣ እንደ ጠገበ ጥጃ።
የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ተሰበሰቡ፤
አንዱ 'ይቆረጥ' አለ፤ አንዱ 'ጣሪያው ይነሣ'፤
የሒሳብ ሹሙ ሳቀ፤ ሻይ ተጠጣ፤
ቃለ ጉባኤ ወጣ።
እኔና ሽማግሌው አርቬድ አካፋ አነሣን፤
አሥራ ዘጠኝ ሌሊት፣ ማንንም ሳንጠይቅ።
ሰማዩን ማንሣት ያቃተው
መሬቱን ነው የሚያወርደው።"

ሥሩን በጆንያ ጠቅልለው፣
እንደታመመ አባት ከአልጋ ወደ አልጋ ደግፈው፣
"አይዞህ" እያሉ አወረዱት።
አርቬድ፣ ትላለች፣ ዛፍ ይሰማል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም፤
የዚያን ሌሊት ግን
"አይዞህ" ያለው እሱ ነው።

እና ምን ተረፈ? ሁለት ሜትር ተኩል።
ቀና አልን። ከጫፉ እስከ መስታወቱ አሁን
አንድ ክንድ፣ እሱም ሳይሞላ።
ከላይ በረዶ ያርፋል፣ ይንሸራተታል፤
ሄልቬ በሰኔ ጡረታ ትወጣለች።
አካፋው ከበሩ ኋላ ነው፤
እጀታው በመዳፍ ብዛት ለስልሷል።
አርቬድ የት እንዳለ አልጠየቅኋትም።

ስወጣ ቲኬት ቆራጯ የሠራችውን ትፈታለች።
"ለልጅ ልጄ ነበር" አለች፤ "ልኩን ወስጄ፣ እሱ አደገብኝ፤
እጅጌው ላይ ስደርስ አጠረ፤ እንደገና ጀመርኩኝ።"