ግጥም ያለ ክዳን

ክዳን የሚያስረው ማሽን ስድስት ራስ አለው፤
በየግማሽ ሰዓቱ ሁሉን እፈትናለሁ።
ከየራሱ አንድ ጠርሙስ፣ ከአራተኛው ግን ሁለት፣
አራተኛው ራስ ዐመል አለበት።

የጠርሙሱን ወገብ በጎማ ጣት አስሬ፣
ክዳኑን እይዛለሁ ትንፋሼን ቋጥሬ።
ወደ ግራ ስጠመዝዝ መርፌው ይወጣል፣
ይወጣል፣
ከዚያ “ቀጭ!”
የማኅተሙ ቀለበት ይበጠሳል፣
መርፌው የደረሰበት ላይ ቆሞ ይመሰክራል።

አሥራ ስድስት። እጽፋለሁ። አሥራ ሰባት ተኩል። እጽፋለሁ።

ከአሥራ ሁለት በታች ከሆነ ይፈሳል፤
ጊቤ በረሃ ላይ ማሩ ይቀጥናል፣
በክዳኑ ጥርስ መኻል ሾልኮ ይወጣል።
ባለፈው ሚያዝያ አንድ መኪና ሙሉ
ወልቂጤ ሲደርስ ንቦች ተከተሉ፤
ሾፌሩ ሙዘይን መስኮቱን ዘጋግቶ
ደወለ፣ “ኑ፣” አለ፣ “ንብ ከበበኝ!” ፈርቶ።

ከሃያ ሁለት በላይ ከሆነ ደግሞ
“ለመክፈት ያስቸግራል” ይላል መመሪያው፣
ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ።
ማንን እንደሚያስቸግር አይናገርም።
በሁለቱ መኻል ያለው ሁሉ ልክ ነው።

ትኩሱን ስለካው ሃያ ያለኝ ክዳን
በማግስቱ አሥራ አምስት አይሞላም።
“ፕላስቲክም ይደክመዋል” ይላል መካኒኩ ተማም፣
“የጨበጠውን እንደ ጨበጠ አያድርም።”

አባቴ አባ ዲኮ በርጩማ ጠራቢ ነበር፤
ከአንድ ግንድ ዋንዛ፣ ሦስቱን እግር ከነመቀመጫው፤
ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፣ መጋጠሚያ የለ።
ሂርማታ፣ ሐሙስ ገበያ፣
የፋብሪካ ወንበር እግሩ ሲወልቅ እያየ
“የተጋጠመ ነገር መለያየቱ አይቀር” እያለ ይስቅ ነበር።
አሁን የራሱ ጣቶች ተቆላልፈው ቀሩ፤
ቁርጥማት።
ጠዋት አይዘረጉም፣ ማታ አይታጠፉም።

ደሞዝ የተቀበልኩ ቀን አንድ ጠርሙስ ማር ወሰድኩለት።
ጓዳ ሆኜ ሰማሁት፣ ክዳኑን ሲለምነው።
በሽርጡ ጫፍ ያዘው፣ አልሆነም።
በበሩ ማጠፊያ መኻል ሸነቆረው፣ አልሆነም።
“ቢስሚላሂ” አለ፣ ደግሞ “ቢስሚላሂ”፣
ከዚያ ስምንት ዓመት ያልነካውን መጥረቢያ
ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ።

የተቀነጠሰው ክዳን እስከ እግሬ ተንከባለለ።
ውስጡ ላይ ቁጥር አለ፤ አራት።
የዚያን ቀን አራተኛው ራስ ሃያ አንድ ተኩል ነበር፤
ጎኑ ላይ “ልክ” ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በነጋታው ተማምን “አላላልኝ” አልኩት፣ “አራተኛውን።”
“በስንት?”
በስንት እንደምለው አላወቅሁም።
“አስተያየት” በሚለው ሣጥን ውስጥ ጻፍኩ፦
አንድ ሽማግሌ መክፈት አቃተው።
ኢንጂነር ሐረገወይን ከሥሩ በቀይ ጠየቀች፦
የናሙናው ብዛት ስንት ነው?
አንድ፣ ብዬ መለስኩ።
ሌላ ማን አለኝ?
ቅዳሜ ስገባ ግን አራተኛው ራስ አሥራ ስምንት አለ።
ተማም እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ወደ እኔ አያይም።

በኦሮምኛ ለአባቴ ላስረዳው ሞክሬ አልተሳካልኝም፣
አማርኛ “ግጥም” ሲል
ቃል ይሁን ክዳን አይታወቅም።
እኔ የማውቀው ክዳኑን ነው።

አሁን ማር ስወስድለት
አዌቱ ድልድይ ላይ ከባጃጅ እወርዳለሁ፤
ቀለበቱን በጥሼ መልሼ እገጥመዋለሁ፣
ስምንት ግድም፣ በግምት፣ እዚያ መርፌ የለም።
ማታ እሱ ይይዘዋል፣ ጥርሱን ነክሶ ይጠመዝዘዋል፣
ይከፈታል።
“አሁን ነው ሥራው የገባችሁ” ይላል፣ አውራ ጣቱን እየላሰ።

የተበጠሰውን ቀለበት አላየው ይሆናል።
ወይም አይቶታል፣
ግጥም አድርጎ ይዞታል።