አፍራ

ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ከሮላ አደባባይ ማዶ፣
ሚኒባሷ ቆመች፣ የቀኑ ግለት በላይዋ ነዶ።
አሥራ አንድ ነበርን፣ የሰማይ ወዳጆች፣
ምሁር የሌለብን፣ ማምሸት የለመድን ሰዎች።
ጡረተኛው ቫርጊስ፣ አርባ ዓመት የሌላ ሰው ሒሳብ የደመረ፣
አዋላጇ ሊጋያ፣ ዓይኗ በሌሊት ፈረቃ የጠቆረ፣
ሱዳናዊው ባቢከር፣ ቴሌስኮፑን እንደ ሕፃን በጭኑ ያኖረ፤
እና እኔ፣ መሰላል ተሸካሚ፣ የጣሪያ ላይ ሰው፣
ማቀዝቀዣ ጠጋኝ፤ እንጀራዬ እሱ ነው።

ከእኔ ጋር የሚያድሩት፣ የባለ ስድስት አልጋው ቤት ልጆች፣
"ኮከብ ቆጣሪው" ይሉኛል፣ የነገን ጠያቂዎች።
አንዱ፣ "መኖሪያ ፈቃዴ ይታደስ ይሆን?" ይለኛል፤
ሌላው የእናቱን ስም ነግሮኝ፣ "ኮከቤን እይልኝ" ይላል።
እኔ የማውቀው ጁፒተር በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ብቻ፤
ይሄ ደግሞ ለደመወዝም ለትዳርም አይሆን መፍቻ።

የዘይድን መንገድ ስንጀምር አሸዋው መጣ።
መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ግመሉ፣ ቀጥሎ መንገዱ ታጣ።
ቫርጊስ ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ዝም አለ።
ሦስት ወር የጠበቅነው ፈቃድ በእጃችን፤ ሰማዩ ግን የለ።

የምርምር ማዕከሉ በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ሰበሰበ፤
ከስሜ ግማሹን ዘለለ፣ ግማሹን አነበበ።
ከዚያ አንዲት ተመራማሪ ወጣች፣ በነጭ የሩጫ ጫማ፣
ዐባያዋ አቧራ የጠጣ፣ በእጇ ሽቦ ጠቅልላ፣ እንደኛው ደክማ።
"አፍራ እባላለሁ" አለች።
ሳቄን ዋጥኩት ለብቻዬ፤
አንገት የደፋች፣ ዓይኗን የሰበረች ማለት ነው በቋንቋዬ።

"ጉልላቱ ዛሬ አይከፈትም፣ አሸዋው መስታወቱን ይበላል።
ግን ግቡ፤ ሰማይ ባይታይም ይሰማል።"

ጠባብ ክፍል። ሬዲዮ። ሁለት ወንበር ለአሥራ አንድ ሰው።
ድምፁ የሩቅ ዝናብ ነው፣ መምጫውን ያልለየው።
ቆምን። ላባችን ደረቀ።
ድንገት፣ ፊው!
ቀጭን ፉጨት፣ ከትንፋሽ ያጠረች፣
"ተወርዋሪ ኮከብ" አለች አፍራ፣ "አሁን፣ ከአሸዋው በላይ፣ ነደደች።"
ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ትቢያ፣ ይሄን ያህል ጮኸች!
ሊጋያ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች፣
የፅንስ ልብ ስታዳምጥ እንደምታደርገው።
"ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለች። ሌላ አልጨመረች። ገባን ያለችው።

የእኔ ጆሮ ግን ከፉጨቷ ጀርባ ሌላ ድምፅ ያዘ፦
የግድግዳው ማቀዝቀዣ ያቃስታል፣ ሞተሩ እየፈዘዘ።
ሰማይ ላዳምጥ መጥቼ
ሥራዬ እዚህም ተከተለኝ፣ እንደ ባለ ዕዳ አድብቶ።

"ከየትኛው ጅራታም ኮከብ ተቆርሳ መጣች?" ባቢከር ጠየቀ።
"አናውቅም።"
"ያመለጡንስ ስንት ናቸው?" ቫርጊስ ብዕሩን አጠበቀ።
"እሱንም አናውቅም" አለች፣
ቀና ብላ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር፣
እንደ ሰው ጨው አቀብሉኝ እንደሚል፣ ያለ ነገር።
አፍራ አላፈረችም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ጣሪያ ላይ የኖርኩት፣
"አላውቅም" ያለ በማግስቱ ሻንጣውን ሲሸክፍ ያየሁት፣
ሳላውቅ "አውቃለሁ" ብዬ ስንት ሞተር ፈታሁ፣
ስንቱንስ ብሎን ትርፍ አድርጌ በኪሴ ይዤ ወጣሁ።

ስንሰናበት፣ በር ላይ፣ "ማቀዝቀዣችሁ ታሟል" አልኳት።
ደነገጠች፤ መሣሪያው ሁሉ በእሱ ብርድ ነው የሚኖርላት።
"ስንት ጊዜ ይቆይልናል?"
ምላሴ ላይ "ሦስት ሳምንት" የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ነበር።
"አላውቅም" አልኳት። "ከፍቼ ሳላየው አልናገር።"

በመልሱ መንገድ አሸዋው ትንሽ ሳስቶ፣
ቫርጊስ በስልኩ ብርሃን መዝገቡን ዘርግቶ
ጻፈ፦ የታየ፣ የለም። የተሰማ፣ አንድ።
ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ፣ እንደ ድሮው ልማድ።