አሥራ ሦስተኛ

ሦስት መቶ ሰዓት ሠሪ ባንድ ትንፋሽ ስትጠራ
ያቺ ርካሽ ስልክ ደርቃ ቀረች፣ ክብ ስትሠራ፣ ክብ ስትሠራ።
«መርካቶን ውርንጭላ ላይ ጫንሽ» አለኝ ምሕረተአብ፣
«ደርድሪና ቁረጪ እንጂ፣ ምንድነው ይሄ ሁሉ ሳብ ሳብ?»

ደረደርኩ፦ ኮከቡ የበዛ ይቅደም፣ እኩል ከሆኑ ፊደል ይዳኝ፤
ቆረጥኩ፦ አሥራ ሁለት ይበቃል፣ የተረፈው አይታየኝ።
ስልኳ ተነፈሰች። ከብሔራዊ ቲያትር እስከ ለገሃር
አሥራ ሁለት ስም ብቻ፣ ቅቤ ሆኖ ከጣቴ ሥር።

ማክሰኞ ደወሉ፣ አቶ ፍሥሐጽዮን።
«ልጄ፣ መዝግበሽኝ የት ጣልሽኝ አሁን?
ፖስታ ቤቱ አጥር ሥር ነኝ፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ፤
አንዱ ሰዓት ሠሪ በስልኩ ሲፈልግ
እግሬን ረግጦኝ ሄደ። ሣቅሁ፣ ንዴቴን ትቼ።»

ፈተሽኩ። አሥራ ሦስተኛ።
ኮከባቸው ከአሥራ ሁለተኛው እኩል፤ የጣለቻቸው «ፈ» ናት፣
የፊደል ገበታ ጫፍ፣ ሊያልቅ ሲል ያለች ቤት።
እኔስ ፍሬሕይወት አይደለሁ? ስም ሲጠራ በክፍላችን
«አቤት» ስል የኖርኩ፣ መምህሩ መዝገቡን ሲከድን?

ከታች «ቀጣይ» የሚል ቁልፍ አለ። ማን ይነካዋል?
ጳጉሜ እንኳ፣ አሥራ ሦስተኛዋ፣ አምስት ቀን ይሰጣታል።

ማታ ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ። ረዳቱ ጣቱን ሲያነሳ፦
አሥር... አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት። «ሞላ!»
በሩ ካፍንጫዬ ሥር ተዘጋ።
ዞሬ አየሁ፤ ሰልፉ ከኋላዬ እስከ ባቡሩ ድልድዩ።
አንደኛ ነኝ። ለቀጣዩ፣

ከመጣ።