የመስታወት ክር

ሁለት ሺህ ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው፣
ከኦማሃ ምዕራብ ምድሩን ቀደድነው፤
ብርቱካንማ ቱቦ በቦዩ ዘርግተን፣
ፀጉር የማያክል መስታወት ቀበርን።

አለቃችን ሮስኮ ጠዋት ፈገግ አለ፤
ደሞዙን በሙሉ አክሲዮን ላይ ጣለ።
«ሰኞ አርባ ነበረ፣ ዛሬ ሰባ ዋለ፤
እስከ ገና በዓል መቶ ይሆናል» እያለ፣
ምሳውን ለውሻ ወረወረው ሳይቀምሰው፤
ሳይበላ ሲያገሳ ያን ቀን አየሁ ሰው።

የቬርና ሽታል እርሻ መንገዳችን ላይ ነው።
ባሏ ከሞተ ወዲህ በቆሎውን የምታርሰው
ብቻዋን ናት። በር ላይ መነጽሯን አድርጋ፣
ወረቀቱን አየች ፊትና ጀርባውን ፈልጋ፤
«በመሬቴ ሥር የሚያልፈው ምንድን ነው?»

«ብርሃን ነው፣ ወይዘሮ። ከኒው ዮርክ ይነሳል፣
ዓይንሽን ሳትከድኚ ሳን ፍራንሲስኮ ይደርሳል።
መጽሐፍ ቤት ሙሉ፣ ባንክ ሙሉ ገንዘብ፣
የውሻ ቀለብ ሻጭ፣ የሚፋቀር ሕዝብ፣
ሁሉም በዚህ ያልፋል።»
                        «ለእኔም ቤት ይበራል?»

«አይ… ያልፋል እንጂ፣ እዚህ እንኳ አይቆምም።»

«ባቡሩም እንዲህ ነው። ፉጨቱን እሰማለሁ፣
እሱን ግን አልጠቀምም።»
ፈረመች። ለሁለት መቶ ዶላር
እጇ አልተንቀጠቀጠም።

በረዶው ሁለቴ ጥሎ ሁለቴ ሟሟና፣
የሮስኮ ሰባ ዶላር ሳንቲም ሆነና፣
እሱም ጣሪያ ጠጋኝ፣ መሰላል ተሸካሚ።
የኋለኛው ሳምንት ደሞዛችንን ውሃ በላው፤
ወደ ድርጅቱ ደወልን፣ ጮኸ፣ ጮኸ፣
የሚያነሳው ጠፋ። ሕንፃውንም፣ አሉ፣
ከነወንበሩ በሐራጅ ሸጡት።
ከቬርና በቆሎ ሥር፣ አንድ ሜትር ጥልቀት፣
ዘጠና ስድስት ክር፣ አንድም ያልበራበት፣
ፍልፈል ጥርሱን ስሎ የሚሞክርበት።

ብርሃን ከሚለው ቃል ብሩን ቆርጠው ሄዱ፤
«ሃን» ብቻ ቀረችን በየጉድጓዱ።

አምና በዚያ ሳልፍ መኪናዬን አቆምኩ።
«ከመቆፈርዎ በፊት ይደውሉ» የሚለውን እንጨት
የባሏን አሮጌ ኮት አልብሳዋለች፤
ቁራ ይጠብቃል።
ትራክተሯ ከቱቦው በላይ ሲደርስ
ፍጥነት ቀነሰች፤ የተኛ ሕፃን አጠገብ
እንደሚያልፍ ሰው፣ በቀስታ።

ወረደች፣ እጇን በሱሪዋ ጠረገች፣
አወቀችኝ።
«ያ ብርሃንስ? አለፈ?»

አፈሩን አየሁት። ኮቱን አየሁት።
«አለፈ፣ ወይዘሮ» አልኳት።
አልዋሸኋትም።